የድሮ ስልክ ቁጥር ዓመቱን ይናገራል



የድሮ ከተማን በትንሹ አምሳል የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ሱቁን፣ ባቡሩን፣ ሰሌዳውን አሳንሰው ያበጃሉ። እንበልና አንዱ የ1938ቱን ኒው ዮርክ እየሠራ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሱቁ ሰሌዳ ላይ ምን ዓይነት ስልክ ቁጥር ይጻፍ? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ታሪክ እንዴት እንደሚመረመር ያስተምረናል።

በ1878 መጀመሪያ በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ለ21 ደንበኞች አገልግሎት ጀመረ። በቀጣዩ ወር የወጣው የስልክ ማውጫ ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። ደዋዩ ስም ይናገራል፣ ኦፕሬተሩ ያገናኛል። በ1879 ሎዌል በተባለች ከተማ ኩፍኝ ገባ። አንድ ሐኪም «ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ቢታመሙ ተተኪዎቹ ማን የትኛው መስመር ላይ እንዳለ በምን ያውቃሉ?» ብሎ ሰጋ። ለደንበኞች ቁጥር ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ከዚህ እንደመጣ ይነገራል።

ከተሞች ሲሰፉ ጣቢያዎቹ በዙ፤ እያንዳንዱም ስም ወጣለት። ደዋዩ በራሱ እንዲደውል በስልኩ ክብ መደወያ ላይ ከቁጥሮቹ ጋር ፊደላት ተጻፉ። በኒው ዮርክ ደዋዩ የጣቢያውን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላትና አራት አሃዞች ያዞር ነበር። ከ1930 መጨረሻ ጀምሮ ግን ሁለት ፊደልና አምስት አሃዝ ሆነ። ለምሳሌ «ፔንሲልቬኒያ 5000» የነበረው «ፔንሲልቬኒያ 6-5000» ተባለ። ስድስቷ ከየት መጣች? ሦስተኛው ፊደል «ኤን» በመደወያው ላይ የሚገኘው 6 ቁጥር ላይ ነው። ጣት የሚያዞረው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጻጻፉ ነው።

እንግዲህ የ1925 ሰሌዳ ላይ ስምና አራት አሃዝ፣ የ1938ቱ ላይ ስምና አምስት አሃዝ ይጻፋል። የአካባቢ መለያ ኮድ ከተጻፈበት ግን ስህተት ነው፤ ኮዶቹ የወጡት በ1947 ነውና። ሙሉ በሙሉ በአሃዝ የሆነ ሰባት ቁጥርም መስፋፋት የጀመረው ከ1958 በኋላ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ «ስልክ 47» ብቻ ይበቃ ነበር። የሚበጀው የዚያን ከተማ፣ የዚያን ዓመት የስልክ ማውጫ ማየት ነው።

ወንድም እህቶች! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ «የዚህ ዓመት ፎቶ ነው» የተባለ ምስል ስልካችን ላይ ይደርሰናል፤ ሳናይ እናጋራዋለን። ሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ግን ከሥሩ የተጻፈውን ልታስተባብል ትችላለች። ስለዚህ ከማጋራታችን በፊት ምስሉን ራሱን እንጠይቀው፦ ይህ ነገር በዚያ ዓመት ነበር ወይ?