ዲኤክስን ያኖራት ማን ነው?

ስለ አሮጌ የጃፓን መኪና በተነሣ ቁጥር «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» የሚለው ምስጋና አይቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ምስጋና በብዛት የሚደርሳት «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዕድሜዋ 40 ዓመት አልፎም ዛሬ ጎዳና ላይ ትታያለች፤ ባለቤቷም ሲሸጣት እንደ አሮጌ ዕቃ አይተምናትም። እኔ ግን ምስጋናው ግማሽ እውነት ይመስለኛል። የቀረውን ግማሽ ለማግኘት ታሪኩን ከምንጩ መጀመር ይሻላል።

ኮሮላ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1966 መገባደጃ ላይ ነው። ዘመኑ የጃፓን ሠራተኛ ገቢ የሚያድግበት፣ ተራው ቤተሰብም መኪና መመኘት የጀመረበት ነበር። ቶዮታ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1961 «ፐብሊካ» የተባለች ርካሽ መኪና አውጥቶ ነበር። ሞተሯ 700 ሲ.ሲ. ገደማ ሲሆን፣ ጌጥና ምቾት ያልጎበኛት መኪና ነበረች። ገበያው እንደታሰበው አልተቀበላትም። ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የሚገዛ ሰው የኪሱን መሳሳት ለጎረቤት የምታወራበትን አይፈልግም።

ከዚህ ትምህርት የወሰደው የኮሮላ ዋና መሐንዲስ ታትሱኦ ሐሰጋዋ ነው። ሐሰጋዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በታቺካዋ ኩባንያ የጦር አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ጃፓን ስትሸነፍ አውሮፕላን እንዳትሠራ ስለተከለከለች፣ እርሱን የመሰሉ መሐንዲሶች ፊታቸውን ወደ መኪና መለሱ። መመሪያው በትምህርት ቤት ቋንቋ የተነገረ ነበር፤ መኪና በአንዱ ትምህርት 100 አግኝታ በሌላው ብትወድቅ አይበጅም፤ በሁሉም 80 ታግኝ፣ በዚያ ላይ ደግሞ የገዢውን ልብ የሚስብ አንዳች ጭማሪ ይኑራት አለ።

ጭማሪው ምን ነበር? ተወዳዳሪው ኒሳን በዚያው ዓመት 988 ሲ.ሲ. ሞተር ያላትን «ሰኒ» አውጥቷል። ቶዮታ የኮሮላን ሞተር ወደ 1,077 ሲ.ሲ. ከፍ አደረገና በ100 ሲ.ሲ. እንበልጣለን ሲል አስታወቀ። የማርሹም ዘንግ፣ በጃፓን የቤት መኪኖች እንደተለመደው ከመሪው ሥር መሆኑ ቀርቶ ወለሉ ላይ ቆመ። ስሟ እንኳ ጭማሪ አለበት። «ኮሮላ» በላቲን ትንሽ ዘውድ ማለት ነው፤ ታላቅ እህቷ፣ በ1955 የወጣችው «ክራውን»፣ ዘውድ እንደምትባል ልብ ይሏል። ይህች ትንሽ ዘውድ በ1997 የጀርመኗን ቮልስ በሽያጭ ብዛት አለፈቻት፤ በ2021 ደግሞ በዚህ ስም የተሸጡት መኪኖች ከ50 ሚሊዮን በለጡ።

የእኛዋ ዲኤክስ በ1979 የወጣው አራተኛው ትውልድ ናት። ሁለቱ ፊደሎች «ደሉክስ» የሚለው ቃል ማሳጠሪያ ናቸው። በኢትዮጵያ ዘውድ ከወረደ አምስት ዓመት በኋላ የተሠራች «ትንሽ ዘውድ» መሆኗ ነው፤ በዘመኑ ስሟን ወደ አማርኛ መልሶ የተጨነቀ ሰው የነበረ ግን አይመስለኝም።

ኮፈኗ ሲከፈት ምስጢሯ ይታያል። ሞተሯ ትንሽ፣ በዙሪያው ያለው ቦታ ግን ሰፊ ነው፤ የሰው እጅ በቀላሉ ይገባል። ነዳጁን ከአየር ጋር የሚያዋህደው ካርቡሬተር ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቃትም። እንግዲህ ዲኤክስ የማትበላሽ መኪና አይደለችም፤ ስትበላሽ ምን እንደሆነች የምትናገር መኪና ናት። ያንን ንግግር የሚሰማው ደግሞ የኛው መካኒክ ነው። መካኒኩ ከጣሊያን በወረሳቸው ቃላት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ እያለ፣ የጃፓኗን መኪና አገላብጦ ያክማታል። የጎደለውን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ከሌላ አውልቆ ያስማማል። የዲኤክስ ረጅም ዕድሜ ግማሹ ጃፓን ውስጥ የተነደፈ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ በጋራዦቻችን ደጃፍ የተሠራ ነው።

ይህን ስል ነገሩን ሁሉ ፍቅር ነው ማለቴ አይደለም። ለብዙው ሰው ዲኤክስ ምርጫ ሳትሆን የአቅም ድንበር ነበረች። መኪና በቀረጥና በታክስ በሚከብድበት አገር አሮጌዋም ዋጋዋን አትጥልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ይበልጥ ተወደደ። ስለ ጥንካሬዋ ስናወራም የማናነሣው ነገር አለ። ዲኤክስ በግጭት ጊዜ ነፋ ብሎ ሰውን የሚያድን ከረጢት የላትም፤ የኋላ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ልጆች የተሰጣቸው ጥበቃ የዛሬ 40 ዓመቱ ነው። ጭሷንም የምንስበው እኛው ነን።

እንግዲህ ምን ይቅር፣ ምንስ ይቆይ? መኪናዋ አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም፤ መሄዷም ይገባል። መቅረት የሌለበት ያኖራት እውቀት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ካርቡሬተርም የለውም፤ በጆሮው ሰምቶ በሽታ የሚያውቀው መካኒክ እፊቱ የተዘጋ ሣጥን ይቀርብለታል። ያን ሣጥን የሚከፍትበትን ትምህርትና መሣሪያ ካላገኘ፣ የምናጣው አንድ አሮጌ መኪና ብቻ አይሆንም፤ የተበላሸን ነገር ራሳችን የማዳን ልማዳችንም አብሮ ይሄዳል። ሐሰጋዋ ለመኪናው 80 ሰጥቶ ነበር የላከልን። ከዚያ በላይ ያለውን ማርክ የሰጣት የኛው ሰው ነው፤ ለሚመጣውም መኪና ይህን ማርክ መስጠት የሚችል ሰው ማዘጋጀት አለብን።