እከክ ነውር አይደለም፦ ከዋግ ኽምራ የምንማረው



ክርን ላይ ትናንሽ ሽፍታ ወጥቶ፣ በተለይ ሌሊት ሰውነት ሲሞቅ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ሲጀምር ብዙዎቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። እጅጌያችንን ጎትተን እንሸፍነዋለን፤ ለቤተሰብ አንናገርም፤ ከመድኃኒት ቤት አንድ ቅባት ገዝተን ብቻችንን እንቀባለን። ለምን? እከክ የቆሻሻና የድሃ በሽታ ነው ሲባል ስላደግን ነው። ይህ አመለካከት ግን በሽታውን ከማራባት ውጪ የፈየደው ነገር የለም። ታሪኩን አብረን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኤልኒኞ ምክንያት የክረምቱ ዝናብ ሲቀር ክፉኛ ከተጎዱት የአማራ ክልል አካባቢዎች አንዱ ዋግ ኽምራ ነበር። ከሰቆጣ ደጋ አንስቶ ኒሯቅ የምትገኝበት እስከ አበርገሌ ቆላ ድረስ ሰብል ደረቀ፣ ምንጭ ነጠፈ፣ ከብት አለቀ። በክልሉ ድርቅ በመታቸው ወረዳዎች ከረሃቡ ጋር አብሮ የተነሳው ወረርሽኝ እከክ ነበር። በ2015 እና 2016 በ68 ወረዳዎች 1,125,770 ሰዎች ተመርምረው ወደ 379,000 የሚጠጉት እከክ እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነበሩ። አንዳንዱ ወረዳ ላይ ከመቶ ሰው 2 ብቻ ሲታመም፣ ሌላው ላይ 67 ደርሷል።

እስቲ እናስተውል፤ ከመቶ ሰው 67ቱ የታመመበት ወረዳ ላይ ማን ማንን ያፍርበታል? እነዚህ ሰዎች ንጽሕና ጠልተው አይደለም የታመሙት። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ በጠፋበት፣ ቤተሰብ በአንድ መደብና በአንድ ጋቢ ተጠጋግቶ በሚያድርበት ጊዜ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለቅ መንገዱ ክፍት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጦርነቱ ምክንያት የአበርገሌ ሰዎች ተፈናቅለው ሰቆጣ አካባቢ ሲጠለሉም ያ መጨናነቅ ተመልሶ መጣ። እከክ ሰው በተፋፈገበት ሁሉ የሚገኝ በሽታ ነው፤ በመጠለያም፣ በእስር ቤትም፣ በአዳሪ ትምህርት ቤትም፣ በከተማ ጠባብ የኪራይ ክፍልም።

እከክ ለቀደምት ሙስሊሞችም እንግዳ አልነበረም። በዐረብኛ «ጀረብ» ይባላል። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለወንድ የተከለከለውን ሐር ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በሰውነታቸው ማሳከክ ምክንያት ፈቅደውላቸዋል። ከታላላቅ ሶሓቦች ሁለቱ የሰውነት ማሳከክ ነበረባቸው፤ ነገሩም ተነግሮ መፍትሔ ተሰጠው እንጂ አልተደበቀም። በሌላ ሐዲስ ደግሞ የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ካሉት ጋር እንዳይቀላቅል ታዟል።

በሽታውን የምታመጣው ፍጡርም ከሙስሊም ሐኪሞች ዓይን አላመለጠችም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በሴቪል የኖሩት ኢብኑ ዙህር፣ ከቆዳ ሥር ስለምትሳብና ዓይን በጭንቅ ስለሚያያት ትንሽ ነፍሳት ጽፈዋል። በ1687 ጣሊያናውያኑ ቦኖሞና ቼስቶኒ በማጉያ መነጽር አይተው የበሽታው መንስኤ እሷ መሆኗን አስረዱ። ያም ሆኖ የአውሮፓ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አላመኑም፤ በሽታው ከደም መበላሸት ይመጣል ይሉ ነበር። በ1834 ሬኑቺ የሚባል የኮርሲካ ተማሪ ፓሪስ ላይ ነፍሳቷን በመርፌ አውጥቶ በሰው ፊት እስኪያሳይ ድረስ ክርክሩ አልተዘጋም። በገጠሯ ኮርሲካ ይህ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነበር።

ነፍሳቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ታንሳለች። ሴቷ የላይኛውን ቆዳ እየቦረቦረች በየቀኑ ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። የምትወዳቸው ቦታዎች የጣቶች መሐል፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ብብት፣ እምብርት ዙሪያ፣ ወገብና መቀመጫ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሳያሳክከው በፊት ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ እናንተን ሲያሳክካችሁ አብሮ የሚያድር ወንድማችሁም ሳያውቀው ይዞት ሊሆን ይችላል።

ክርን ላይ የሚያሳክክ ሁሉ ግን እከክ አይደለም። በክርን መታጠፊያ ውስጥ ቆዳው ደርቆ የሚቀላና የሚመላለስ ከሆነ ችፌ ሊሆን ይችላል። በክርን ውጫዊ ክፍል ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ወፍራም ቅርፊት ካለ ሶሪያሲስ ይጠረጠራል። ዳሩ ክብ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ ጭርት፣ የቁንጫና የትኋን ንክሻ፣ ሳሙና ወይም ሽቶ ያስቆጣው ቆዳም አሉ። እከክን የሚያሳብቀው ማሳከኩ ሌሊት መባሱና በአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ መያዙ ነው። ሳይመረመሩ የስቴሮይድ ቅባት መቀባት አደገኛ ነው፤ ማሳከኩን አስታግሶ ምልክቱን ይደብቃል፣ ነፍሳቷ ግን ትራባለች።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ሥርዓቱ ግን ይጠበቅ። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ድረስ፣ የጣቶች መሐልና የጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ቤንዚል ቤንዞዌትና የድኝ ቅባትም ይሠራሉ። አይቨርሜክቲን ክኒን በክብደት ተሰልቶ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ግን አይታዘዝም። የዚህ መድኃኒት መነሻ ከጃፓን አፈር የተገኘ ባክቴሪያ ነው፤ ያገኙት ኦሙራና ካምቤል የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት ዋግ በድርቅ በተመታበት በዚያው 2015 ነበር።

ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በቤት ያለ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ውሃ ከሌለ በፌስታል ታስሮ ለሳምንት ይቀመጥ፤ ነፍሳቷ ከሰው ቆዳ ከተለየች ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ብዙም አትቆይም። ከሕክምና በኋላ ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አትደጋግሙት። ተፋቅቶ የቆሰለና መግል የያዘ ቆዳ ግን ቶሎ ይታይ፤ ኢንፌክሽኑ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። እኛስ? ከመድረሳ «እከካም» ተብሎ የሚባረር ልጅ ቤቱ ሄዶ እህቶቹን ያስይዛል፣ ቂምም ይዞ ያድጋል። ልጁን ከማባረር ወላጆቹን በክብር ጠርቶ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲታከም መርዳት ይሻላል። ከዋግም ሆነ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ ሰፈራችን የገባ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ቅባቱንና ሳሙናውን ይዘን እንሂድ። ዛሬ ማታ ክርናችሁን እዩ፤ የሚያሳክክ ነገር ካለም ቀድማችሁ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋውን ይስጥልን።