ክሪስ ስሚዝ ማነው? የ«ኤች አር 128» ሰውዬ፣ የሰው ንግድ ሕጉና እኛ አዊ ያለነው

በ2010 መጀመሪያ ላይ ፌስቡክ የነበራችሁ «ኤች አር 128» የሚለውን ነገር አትረሱትም። ያኔ ልጅ የነበራችሁ ደግሞ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ ሰው «አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ ያወጣችው ሕግ» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። ሕግ አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት አቋሙን የገለጸበት ውሳኔ ነው፣ አስገዳጅነት የለውም። በዋናነት ያቀረበው የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ ሲሆን የጸደቀው ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ነው፤ ዶክተር ዐቢይ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና 8 ቀኑ ነበር። የሰብዓዊ መብት ጥሰት እንዲቆም፣ እስረኞች እንዲፈቱ የሚል ይዘት አለው።

ሰውየው ግን ከዚያ በፊት የሠራው ትልቁ ሥራ ሌላ ነው፤ ያኛው እኛን እስከ ዛሬ ይነካናል።

ስሚዝ ምክር ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1981 በ27 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰው ንግድ ተጎጂዎችን ለመጠበቅ የወጣውን የአሜሪካ ሕግ ያመነጨው እሱ ነው። የፈረመው ደግሞ ከተቃራኒው ፓርቲ የነበረው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ነው። ከሕጉ በፊት ከአገር ቤት ተታላ ሄዳ ሰው ቤት ፓስፖርቷን ተቀምታ ያለ ደመወዝ የምትሠራ ልጅ ፖሊስ ቢያገኛት፣ መጀመሪያ የሚታየው ወንጀሏ «ቪዛ የላትም» የሚለው ነበር። ሕጉ ተጎጂ ናት አለ፤ በዓመት እስከ 5,000 ተጎጂዎች የሚያገኙት ልዩ ቪዛም ፈቀደ። አስገድዶ የማሠራት ቅጣትን እስከ 20 ዓመት፣ ሲከፋም እስከ ዕድሜ ልክ አደረሰው።

ሌላው ነገር ሪፖርቱ ነው። ይሄው ሕግ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገራትን በየዓመቱ እየመዘነ ደረጃ እንዲሰጥ ያዛል። የመጀመሪያው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ኢትዮጵያም ትመዘናለች። መጨረሻው ደረጃ 3 ነው፤ እዚያ የወደቀ አገር የተወሰነ ዓይነት እርዳታ ሊከለከል ይችላል። ጎረቤታችን ኤርትራ እዚያ ከርማለች። መዛኟ አሜሪካ መሆኗ ፖለቲካ ሊኖረው ይችላል ብትሉ አልከራከርም፤ ግን የአገራችንን ሕግ፣ የፍርድ ቤት መዝገብና የተጎጂ አያያዝ በአንድ ቦታ በየዓመቱ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰነድ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስሚዝ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። ጽንስ ማቋረጥን አጥብቆ ይቃወማል፤ በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ለኤችአይቪ መድኃኒት ገንዘብ የሚሰጠውን ፔፕፋር የተባለ ፕሮግራም ለ5 ዓመት ማራዘምን ተቃወመ። ከ5 ዓመት በፊት የዚያኑ ፕሮግራም ማራዘሚያ ያቀረበው ራሱ ነበር። በኋላ ማራዘሚያው እስከ መጋቢት 2025 ብቻ (በፈረንጅ) ሆነ። ፔፕፋር ከጅምሩ ከደገፋቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የአንድ ተወካይ አቋም እኛ አገር ጤና ጣቢያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው፤ በደጉም በክፉውም።

አሁን ወደ ቤታችን። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 በሰው መነገድን ለማንኛውም ዓላማ ይከለክላል። ምክር ቤታችን ዝርዝር አዋጅ ያወጣው ግን በ2007፣ ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ ከተገደሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፦ አዋጅ 909። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ከ15 እስከ 25 ዓመት፣ ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች እስከ ዕድሜ ልክ። በ2012 አዋጅ 1178 ተተካበትና ቅጣቱ ወረደ። አሁን ከ7 ዓመት ይጀምራል፤ ለሴትና ለሕፃን ከ10 እስከ 20 ዓመት ነው፣ የገንዘብ መቀጮም አለው። ቅጣት መቀነሱ የሚያናድዳችሁ ትኖራላችሁ። በኔ እይታ ደላላው የሚፈራው የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን መያዙን ነው። ጎረቤት ስሙን እያወቀው የማይከሰስ ደላላ 25 ዓመት ቢጻፍለት ምን ይለዋል?

አዋጁ ሁለት ወንጀል ይለያል፣ ልዩነቱን ያዙት። አንዱ ሰውን በሕገ-ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ በመተማ ወደ ሱዳን፣ ወይ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ማሳለፍ። ሁለተኛው በሰው መነገድ ነው፤ ሰውን ለመበዝበዝ ብሎ በማታለል፣ በማስፈራራት ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል። ለዚህ ድንበር መሻገር አያስፈልግም። ከዳንግላ ገጠር «አስተምራታለሁ» ተብላ አዲስ አበባ ሄዳ ያለ ደመወዝ የምታገለግል የ13 ዓመት ልጅም እዚህ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ማታለል ነበረ ወይ ብሎ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅም። «ፈልጋ ነው የሄደችው» የሚለው መከላከያም አይሠራም።

እንጅባራ ላይ ቆማችሁ ስታዩት መንገዱ ሁሉ በፊታችን ነው የሚያልፈው፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም፣ በቻግኒ ወደ መተከልም። አሁን ግን ደላላው መናኸሪያ መምጣት አይጠበቅበትም፣ ቴሌግራም ላይ ነው። በየካቲት 2017 ታጣቂዎች ከማይናማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች አውጥተው ለታይላንድ ካስረከቧቸው 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእነዚህ ካምፖች የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ «ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ፣ የኮምፒውተር ሥራ» ይባላል፣ ሰው በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ፓስፖርት ይሄዳል። የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ነው የሚፈለገው። «እኔ በእግሬ በበረሃ አልሄድም» የምትሉ፣ ይሄ ለናንተ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው።

በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ የምታስቡ አንድ ማጣሪያ ልስጣችሁ። በ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የናንተ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባትና የመሳሰሉት ሰነዶች ወጪ ነው። «ለቪዛ ይህን ያህል ሺህ አስገባ» የሚላችሁ ሰው ሕጉን እየጣሰ ነው፣ ቢሮ ቢኖረውም።

ታዲያ የኛ ተወካዮችስ? ኤች አር 128 ከ100 በላይ ደጋፊ የምክር ቤት አባላት ያገኘው ስሚዝ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን የየአካባቢያቸውን ተወካይ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ ቢሮው ድረስ በመሄድ አስጨንቀው ነው። የኛም ሕገ መንግሥት በሩን ዘግቶ አልተወውም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 54 ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይላል። ስንቶቻችን ነን የተወካያችንን ስም የምናውቀው?

ስታገኙት የምትጠይቁት ለይቶ የሚመለስ ይሁን፦ ባለፈው ዓመት ከአዊ ዞን በአዋጅ 1178 ስንት ሰው ተከሰሰ፣ ስንቱስ ተፈረደበት? ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች ወረዳ ላይ ምን ተደረገላቸው? የሥራና ክህሎት ሚኒስትሯን ስለ ኤጀንሲዎች ጠይቀሃል ወይ?

ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመሃል የ1 ወር እረፍት አለው። ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይመለሳሉ የሚባለው በዚህና በክረምቱ ነው። በጸጥታው ምክንያት መምጣት ካልቻሉም ስልካቸውን የምክር ቤቱን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።