አጼ ቴዎድሮስ እና ቋራ

ዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ ከ1855 እስከ 1868 ኢትዮጵያን የገዙ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው ደብረ ታቦር፣ የመጨረሻ ምሽጋቸው መቅደላ ነበር። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ "የቋራው ካሳ" እያለ ያነሳቸዋል። ቋራ የብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም አገር ስለነበረች፣ የንጉሡና የቋራ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቋራ የት ናት?

ቋራ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ከመተማ በስተደቡብ፣ ከሱዳን ጋር በምትዋሰን ምድር ላይ ትገኛለች። ዛሬ በአማራ ክልል በምዕራብ ጎንደር ዞን ያለች ወረዳ ስትሆን ዋና ከተማዋ ገለጉ ነው። ከፊሏ ደጋ፣ አብዛኛዋ ግን ቆላ ነው። እዚህ ለተወለዱ ልጆች ለማስረዳት፣ የበጋው ሙቀት የቤርሼባንና የለሃቪምን ሙቀት ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ክረምት ሲገባ ቋራ ዝናብ፣ ጫካና ወባ መኖሩ ነው። ሩቅና አስቸጋሪ አገር ስለነበረች ለሸፈተ ሰው መሸሸጊያ፣ ከሱዳን ለሚመጣ ጦር ደግሞ መግቢያ በር ነበረች።

ልጅነትና ሽፍትነት

ካሳ ኃይሉ በ1818 ገደማ በቋራ፣ ሻርጌ በሚባል ቦታ ተወለደ። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ቋራንና ደምቢያን ይገዙ ነበር። አባቱ ሲሞት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ እየተባለ ይተረካል። ካሳ በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ገዳሙ በጦረኞች ተጠቃ፤ እሱ አምልጦ ወደ ክንፉ ቤት ሄደ፤ ወታደርነትንም ከዚያ ተማረ።

ክንፉ በ1839 ሲሞቱ ግዛቱ በመጨረሻ የራስ ዓሊ እናት በሆኑት በእቴጌ መነን እጅ ገባ። የአባቶቹን አገር ያጣው ካሳ ወደ ቋራ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። የዘረፈውን ለገበሬ ያካፍል ነበር ይባላል፤ በዚህም ስሙ በአካባቢው ገነነ። እቴጌ መነን ሊያባብሉት የልጅ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት፤ ሰላሙ ግን አልቆየም። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ አዛዥ "የኮሶ ሻጭን ልጅ ይዤ እመጣለሁ" ብለው ፎክረው ዘመቱ፤ ካሳ ማርኮ ኮሶ አጠጣቸው ይባላል። በ1847 እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረከ፤ በእርቁም ግዛቱ እንዲጸናለት ተደረገ።

በ1848 ካሳ ከቋራ ተነስቶ በሱዳን የነበረውን የግብጽ ጦር ደባርቂ ላይ ገጠመ። በመድፍና በሰለጠነ ጦር ተሸነፈ። በኋላ ንጉሥ ሲሆን ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት የደከመው ይህን ሽንፈት ስላልረሳ ነው።

ከቋራ ወደ ዙፋን

ካሳ በ1852 ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ በ1853 ራስ ዓሊን አይሻል ላይ፣ በፌብሩዋሪ 1855 ደግሞ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደረስጌ የምትገኘው በሰሜን ተራሮች፣ የቤተ እስራኤል ነገሥታት በአጼ ሱስንዮስ እስኪሸነፉ ድረስ በቆዩበት አገር ነው።

ንጉሡና ቤተ እስራኤል

አጼ ቴዎድሮስ የተበታተነ አገር አንድ ለማድረግ ፈለጉ፤ የሃይማኖትንም ልዩነት በዚያው ዓይን ያዩ ነበር። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ ቤተ እስራኤልን ለመስበክ ሲመጣ ፈቀዱለት፤ የሚጠመቁት ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አዘዙ። ማርቲን ፍላድና ጓደኞቹ በደምቢያ ጀንዳ ላይ ሰፈሩ። ሰባኪዎቹ በመሥዋዕትና በመነኮሳት ሥርዓት ላይ ተነሱ፤ ቄሶችና መነኮሳትም ተቃወሙ። በ1862 ጉዳዩ ንጉሡ ፊት ቀርቦ ክርክር ተደረገ። ሚሲዮኖቹ እንደ ፈለጉት ሁሉም አልተጠመቀም፤ ሰባኪዎቹም አልወጡም፤ በየመንደሩ ወንድምና ወንድም ተለያየ።

በዚያው ዓመት አባ ማህሪ "ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ" ብለው ተነሱ። እጅግ ብዙ ሰው በእግሩ ተከተላቸው፤ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ከትግራይ ግን አላለፉም። ብዙዎች በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀሩ፤ የተረፉት አንዳንዶቹ ትግራይ ሰፈሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ።

ሚሲዮናዊው ስተርን በ1863 በንጉሡ ትእዛዝ ታሰረ። የእንግሊዝ ቆንስልም ሲታሰር የእንግሊዝ ጦር መጣ። አጼ ቴዎድሮስ በኤፕሪል 1868 መቅደላ ላይ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች ወስደውት የነበረው ቁንዳላቸው በ2019 ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ቋራ ከንጉሡ በኋላ

ከሃያ ዓመት በኋላ የሱዳን ደርቡሾች ወረራና ክፉ ቀን (1888–1892) ያን ድንበር አገር አራቆቱት። የቋራ ቤተ እስራኤል ግን በቦታቸው ቆዩ። አባቶቻቸው ይናገሩት የነበረው የቋራ አገውኛ ዛሬ የሚነገር ቋንቋ ባይሆንም፣ ቃላቱ በጸሎት ውስጥ ተጠብቀዋል። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲመጡ ቋራ ሩቅ ስለነበረች ብዙዎቹ ሳይደርሱ ቀሩ። ከፊሎቹ በ1992፣ የታችኛው ቋራ ሰዎች ደግሞ በ1999 ወደ እስራኤል ገቡ።

ስለዚህ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ አጼ ቴዎድሮስ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ሲታዘዙ፣ ከመጽሐፍ በፊት ቤት ውስጥ ያሉትን አያት ይጠይቁ። የንጉሡ ታሪክ ተጽፏል፤ የቋራ የቤተ እስራኤል መንደሮች ስም፣ የመቃብሮቹ ቦታና የጉዞው ታሪክ ግን አብዛኛው ያለው በሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። ሳይዘገይ ይጻፍ።