ከ470ው ድል ጀርባ፦ ኤስተር ቨርኼር እና የኔዘርላንድስ የዊልቸር ቴኒስ

ኔዘርላንዳዊቷ ኤስተር ቨርኼር በነጠላ ጨዋታ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈችው በ2003 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ሲድኒ ውስጥ፣ በአውስትራሊያዊቷ ዳንኤላ ዲ ቶሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በ2013 ራኬቷን እስክትሰቅል ድረስ 470 ግጥሚያዎችን በተከታታይ አሸንፋ 120 ውድድሮችን በድል ፈጽማለች። በመደበኛው የሴቶች ቴኒስ ረጅሙ ተከታታይ ድል ማርቲና ናቭራቲሎቫ በ1984 ያስመዘገበችው 74 ነው። ከቨርኼር የሚበልጥ ቁጥር የፈለገ ከቴኒስ ወጥቶ ወደ ስኳሽ መሄድ፣ ለፓኪስታናዊው ጃሃንጊር ካን የሚቆጠርለትን የ555 ግጥሚያ ድል መጥቀስ ይኖርበታል።

ይህን ቁጥር የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በአድናቆት ይጀምራል፣ በአድናቆት ይጨርሳል፤ ሴትዮዋ ከሰው በላይ ናት ይልና ነገሩን ይዘጋል። ሌላው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተፎካካሪ በሌለበት ማሸነፍ ምን ይደንቃል ይላል። ሁለተኛው ወገን በባዶ ሜዳ አልተነሣም። ከ470ዎቹ ግጥሚያዎች 95ቱ 6–0፣ 6–0 ነው የተጠናቀቁት፤ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በአሥር ዓመት የገጠመቻቸው ሴቶች በጠቅላላው 73 ሲሆኑ፣ ግጥሚያ ከሚከፋፈልባቸው ዙሮች ያጣችው 18 ብቻ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ከሁለቱም ይለያል። የቨርኼር ሜዳ በዓለም ደረጃ ጠባብ፣ በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ግን ጥልቅ ነበር፤ 470ውም መነበብ ያለበት በዚህ ጥልቀት ነው።

ቨርኼር በ1981 ቩርደን በተባለች ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ተደጋጋሚ ሕመም ያዛት፤ ሐኪሞች ምክንያቱን ፈልገው በኅብለ ሰረሰሯ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች ጤነኛ አለመሆናቸውን ደረሱበት። ስምንት ዓመቷ ላይ ከተደረገላት ቀዶ ሕክምና ስትነቃ እግሮቿ አይታዘዙላትም ነበር። ስፖርት ያገኘችው በተሐድሶ ማእከል ነው። ያስጀመሯትም ሻምፒዮን እንድትሆን አስበው ሳይሆን ወንበሯን መግፋት፣ ማዞርና ማቆም እንድትለምድበት ነበር። ቅርጫት ኳስና ቴኒስን ጎን ለጎን ተጫወተች። ብዙዎች የማያውቁት፣ በቴኒስ ከመታወቋ በፊት በ1997 ከኔዘርላንድስ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን መሆኗን ነው። በኋላ በቴኒስ ሜዳ ላይ ወንበሯን የምታሽከረክርበት ፍጥነት፣ ሰው በሚጋፋበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ የተገራ ይመስለኛል።

ዊልቸር ቴኒስ በ1976 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ብራድ ፓርክስ የተባለ ወጣት የጀመረው ጨዋታ ነው። ሜዳው፣ መረቡ፣ ኳሱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ኳሷ ሁለት ጊዜ እንድትነጥር መፈቀዱ ነው። ሁለተኛዋ ንጥር ከመስመር ውጭ ብታርፍም ችግር የለም። ተመልካች የማያስተውለው ትልቁ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁለት እግር ያለው ተጫዋች ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ዊልቸር ወደ ጎን አይሄድም። ስለዚህ ተጫዋቿ ከመታች በኋላ ወንበሯን አዙራ፣ ፍጥነቷን ሳትጥል፣ የሚቀጥለውን ኳስ እየገመተች መንቀሳቀስ አለባት፤ የቆመች ተሸነፈች። ራኬቷን የያዘችው እጅ ራሷ ጎማውን የምትገፋው እጅ ናት። ቨርኼር ከሌሎቹ የምትለየው ሁለተኛውን ንጥር የመጠበቅ መብቷን እምብዛም አለመጠቀሟ ነበር። ኳሷን ከመጀመሪያው ንጥር እየቀደመች ስትመታ ተጋጣሚዋ ወንበሯን የምታዞርበት ጊዜ ያጥራታል።

የሴቶች ምድብ ተጫዋቾችን በጉዳታቸው መጠን አይከፋፍልም። ከታች ሽባ የሆነች ሴት እግሯ ከተቆረጠ፣ የወገብና የሆድ ጡንቻዋ ግን ሙሉ ከሆነ ሴት ጋር በአንድ ሜዳ ትገጥማለች። የቨርኼር የመጨረሻዎቹ ሁለት የፓራሊምፒክ ፍጻሜ ተጋጣሚዎች፣ ኮሪ ሆማንና አኒክ ፋን ኮት፣ ሁለቱም አንድ እግራቸው የተቆረጠ ነበሩ። ወገብን አዙሮ መምታት በሚወስንበት ጨዋታ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ተፎካካሪ አልነበራትም የሚሉ ሰዎች ይህን ነጥብ ሲያነሡ አልሰማሁም።

ሆማንም ፋን ኮትም ኔዘርላንዳውያን ናቸው። በ2004 አቴንስ ላይ በፍጻሜው የተረታችው ሶንያ ፔተርስም እንዲሁ። ለንደን በ2012 ወርቁን ቨርኼር፣ ብሩን ፋን ኮት፣ ነሐሱን ዪስከ ኽሪፊዩን ሲወስዱ ሦስቱም የመድረክ ደረጃዎች በአንድ አገር ልጆች ተያዙ። የዊልቸር ቴኒስ በ1992 ባርሴሎና ላይ ሙሉ የፓራሊምፒክ ውድድር ከሆነ ጀምሮ የሴቶች ነጠላ ወርቅን መጀመሪያ ሞኒክ ፋን ደን ቦሽ፣ ቀጥሎ በአትላንታ ማይከ ስሚት፣ ከዚያ ከሲድኒ እስከ ለንደን አራት ጊዜ ቨርኼር፣ በሪዮ ኽሪፊዩን፣ በቶኪዮ ዲደ ደ ኽሮት ወስደዋል። ሁሉም ከኔዘርላንድስ ናቸው። ከቨርኼር በፊትም የነበረ፣ ከእሷም በኋላ የቀጠለ ነገር ነውና በአንድ ሰው ተሰጥዖ ብቻ አይገለጥም።

ከምን መጣ? በ1962 የኔዘርላንድስ ቴሌቪዥን በአቅራቢዋ ሚስ ባውማን መሪነት 23 ሰዓት ሳያቋርጥ በቀጥታ አስተላልፎ፣ አርንሄም ከተማ ውስጥ ለከባድ አካል ጉዳተኞች የሚሆን መንደር ማሠሪያ ገንዘብ ከሕዝብ አሰባሰበ። በ1980 ሶቪየት ኅብረት የፓራሊምፒክ ጨዋታን አላስተናግድም ስትል የተቀበለችው ያቺው አርንሄም ነበረች። አካል ጉዳተኛው ከጓዳ ወጥቶ በአደባባይ መታየቱ እዚያ ቀደም ብሎ የተለመደ ጉዳይ ነበር። አገሪቱ ትንሽና ሜዳማ ናት፤ የቴኒስ ክለብ በየሰፈሩ አለ፤ የዊልቸር ተጫዋቾችም በሌላ ማኅበር ተነጥለው ሳይቀሩ በዚያው በብሔራዊው የቴኒስ ፌዴሬሽን ሥር ይሠለጥናሉ። ከተሐድሶ ማእከል ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

የቤጂንጉ የ2008 ፍጻሜ ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ነው። በ470ው ግጥሚያ ውስጥ ቨርኼር ለመሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ የቀራት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ሆማን አንድ ኳስ ብትጨምር ወርቁም ታሪኩም የእሷ ይሆን ነበር። ግጥሚያው 6–2፣ 4–6፣ 7–6 አልቆ ቨርኼር ተረፈች። በዚያው ውድድር ግን በጥንድ የወርቅ ጨዋታ ሆማንና ሻሮን ዋልራቨን፣ ቨርኼርንና ኽሪፊዩንን ረቱ። እንግዲህ ድሏን ለማቋረጥ ከሁሉ ይበልጥ የተቃረበችው ከባሕር ማዶ የመጣች ባዕድ ሳትሆን፣ በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ያደገች የአገሯ ልጅ ናት። ሯጭ በሯጭ እንደሚሳልበት የአርሲው በቆጂ፣ የኔዘርላንድስ ሴቶችም እርስ በርስ ተሳሳሉ።

መዝገቡ ሲታይ ሌላም ጉድለት ይገኝበታል፤ ይህ ግን የእሷ አይደለም። ቨርኼር በነጠላ 21 የግራንድ ስላም ዋንጫ አላት፤ ዘጠኙ ከአውስትራሊያ፣ ስድስቱ ከፈረንሳይ፣ ስድስቱ ከአሜሪካ። ከዊምብልደን አንድም የለም። ሣር ለዊልቸር አይመችም እየተባለ የነጠላ ውድድር እዚያ የተጀመረው በ2016፣ እሷ ካቆመች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በጥንድ ግን በዚያው ሣር ላይ ዋንጫ አንሥታለች፤ ስለዚህ ሣሩ ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም። የፈረንሳይ ኦፕን እንኳ በሩን የከፈተው በ2007 ነው። የዋንጫዎቿን ቁጥር ከሌሎች ጋር የሚያነጻጽር ሰው በሮቹ መቼ እንደተከፈቱ አብሮ ማስላት ይገባዋል።

ካቆመች በኋላ ከሙያው አልተለየችም። ሪቻርድ ክራይቼክ፣ የ1996ቱ የዊምብልደን አሸናፊ፣ ይመራው በነበረው የሮተርዳም ውድድር ውስጥ የዊልቸሩን ክፍል መርታለች። በ2023 በዓለም አቀፉ የቴኒስ የክብር አዳራሽ ስሟ ሰፈረ፤ ከእሷ በፊት ሻንታል ፋንዲረንዶንክና ሞኒክ ፋን ደን ቦሽ እዚያ ገብተዋል፤ ሁለቱም ኔዘርላንዳውያን የዊልቸር ተጫዋቾች ናቸው።

ሜዳው መስፋቱ የታየው ግን በ2024 ፓሪስ ላይ ነው። ጃፓናዊቷ ዩዊ ካሚጂ በሦስት ዙር ደ ኽሮትን አሸንፋ፣ ከባርሴሎና ጀምሮ ከኔዘርላንድስ እጅ ወጥቶ የማያውቀውን የነጠላ ወርቅ ወሰደች። የኔዘርላንድስ ልዑክ መሪ ኤስተር ቨርኼር ነበረች።