ስለ ሱስ መድኀኒትና ስለ አስታማሚው

ከሱስ ለመላቀቅ በሐኪም ትእዛዝ መድኀኒት ስለሚወስድ ሰው ወሬ ሲነሣ፥ ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ሲናገሩ እሰማለሁ፤ «ሱስን በሱስ መለወጥ ምን ይጠቅመዋል?» ይላሉ። ይህ ቃል ከጭካኔ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ያለፈውን ዘመን የሚያውቅ ሰውም ሊናገረው ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልተርከው አስቤአለሁ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ሰርትዩርነር በሚባል ጀርመናዊ መድኀኒት ቀማሚ እጅ ነው። ሕመምን ለማስታገስ ወደር አልተገኘለትም። ነገር ግን የለመደው ሰው ልተወው ሲል ሰውነቱ ይከዳዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፥ አጥንቱን ይቈረጥመዋል፥ ሆዱ ይታወካል፥ እንቅልፍም ይነሣዋል። ሐኪሞች ይህን እያዩ ማስለቀቂያ ፍለጋ ተሰማሩ። በ1884 በቪየና ከተማ፥ ያን ጊዜ ገና ወጣት ሐኪም የነበረው ሲግመንድ ፍሮይድ ኮኬይንን እጅግ አመሰገነው፤ ከእጁ ሕመም የተነሣ ሞርፊን ለለመደው ወዳጁ ለፍላይሽል ማርክሶቭም ይህንኑ እንዲወስድ መከረው። ወዳጁ ከአንደኛው ሳይወጣ በሁለተኛው ተያዘና በ1891 ሞተ። በ1898 ደግሞ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ «ሄሮይን» የሚባል የሳል መድኀኒት ለገበያ አወጣ፤ ከሞርፊን የተሠራ ቢሆንም እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ተብሎ ተነገረለት። ያመጣውን መዘዝ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የወጣቶቹ ጥርጣሬ በከንቱ የተነሣ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በአሜሪካ የቀዶ ጥገና ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ ዊልያም ሃልስቴድ ነው። በቀዶ ጥገና ጊዜ የላስቲክ ጓንት እንዲለበስ ያደረገ እርሱ ነው፤ መጀመሪያም ያሠራው እጅዋ በመድኀኒት ለተቈጣባት አስታማሚ ነበር፥ እርስዋንም ኋላ አገባት። ይህ ሰው ኮኬይን ሕመም ማደንዘዙን በራሱ ሰውነት ላይ ሲመረምር በሱስ ተያዘ፤ ከዚያም ወደ ሞርፊን ተሸጋገረ። የሥራ ባልደረባው ሐኪም ኦስለር ይህን በምስጢር ጽፎ አቈይቶት ነበርና ጽሑፉ የተገለጸው ሃልስቴድ በ1922 ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1969 ነው። ባልደረቦቹ ምስጢሩን ሸሸጉለት፥ እርሱም ሥራውን ሠራ። በዚያው አገር በዚያው ሱስ የተያዘ ድኻ ግን ማንም አልሸሸገለትም።

ለድኻው በ1935 በኬንታኪ አውራጃ፥ በሌክሲንግተን፥ ግማሹ ሐኪም ቤት ግማሹ ወህኒ የሆነ ትልቅ የእርሻ ስፍራ ተከፈተለት። እስረኛውና በፈቃዱ የመጣው አብረው ላም እያለቡ፥ እያረሱ፥ ሱሱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ ይቈዩ ነበር። ሱሱ ከሰውነት ይወጣል፤ ወደ መንደሩ የተመለሰው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ይህን እዚያው በሥራ ላይ ሆና ያየች ማሪ ናይስዋንደር የምትባል ሐኪም፥ በ1956 ሱሰኛውን እንደ በሽተኛ እንድናየው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች።

በ1964 እርስዋና ቪንሰንት ዶል፥ ሜሪ ጂን ክሪክ ከምትባል ወጣት ሐኪም ጋር፥ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ጥቂት ሱሰኞችን ተቀበሉ። በመጀመሪያ ሞርፊን ሰጧቸው፤ በሽተኞቹ ግን የሚቀጥለውን መርፌ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ቀጥሎ ጀርመኖች ለሕመም ማስታገሻ የሠሩትን ሜታዶንን ሰጧቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንደኛው ሥዕል መሣል ጀመረ፥ ሌላው ትምህርቴን ልቀጥል አለ። በሚቀጥለው ዓመት በ22 በሽተኞች ላይ ያዩትን በሐኪሞች መጽሔት አወጡ።

ልዩነቱ ምንድን ነው ብትለኝ፥ ሄሮይን ወዲያው አስክሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ የለመደውም ሰው ቀኑን በስካርና በጭንቀት መካከል ሲመላለስ ይውላል። ሜታዶን በአፍ ተወስዶ ቀስ ብሎ ይሠራል፥ ቀንና ሌሊቱንም ያደርሳል። ልኩን ያገኘ በሽተኛ አይሰክርም፥ አይንቀጠቀጥም፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰውነቱ መድኀኒቱን መፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን የስኳር በሽተኛ በየቀኑ ኢንሱሊን ቢወጋ ባሪያ ሆነ የሚል ማን አለ? የዓለም ጤና ድርጅትም ሜታዶንን ከቡፕረኖርፊን ጋር በ2005 በአስፈላጊ መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል።

ሆኖም ሜታዶንም ሲበዛ ትንፋሽ አቋርጦ ይገድላል፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ስለዚህ አስታማሚዋ መጠኑን ከመስጠትዋ በፊት የሰውዬውን ዐይን፥ አተነፋፈስና አነጋገር ትመለከታለች፤ ከደበተው ወይም ከተንገዳገደ መድኀኒቱን ይዛ ሐኪሙን ትጠራለች። ባየር ሄሮይንን በሸጠ ጊዜ ከጠርሙሱ ጋር እንዲህ ያለ ዐይን አልተሰጠም ነበር።

በአገራችን ሄሮይን ከያዘው ይልቅ አረቄ የያዘው ይበዛልና ስለ እርሱም ልናገር። ሞርፊን መተው እጅግ ያስጨንቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ለብዙ ዘመን የተጠጣ ብርቱ መጠጥ በድንገት ሲቈም ግን ሊገድል ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን የሚጥል በሽታ የመሰለ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሳተን በ1813 ለዚህ በሽታ ስም ሲያወጣለት፥ ደም ማፍሰስ በሽተኛውን እንደሚጎዳው፥ የሚያስተኛ መድኀኒት ግን እንደሚረዳው አስተውሎ ነበር። የተሻለው ማረጋጊያ ክሎርዳያዜፖክሳይድ የወጣው በ1960 ነው፤ ዳያዜፓምም ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለ።

በወጣትነቴ በአስታማሚነት በሠራሁበት በአንድ ሐኪም ቤት፥ አንድ ዐናጢ በገመድ ታስሮ መጣ። አረቄ ላለመጠጣት በንስሓ አባቱ ፊት ግዝት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል እያለ ይጮኻል፤ ቤተ ሰቡም ጋኔን ሰፈረበት ይላሉ። የክፍሉ ኀላፊ የነበሩት ሲስተር ከሁሉ አስቀድመው ሚስቱን «መጨረሻ የቀመሰው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ከዚያ ገመዱን አስፈቱ፤ ጸጥ ያለ፥ መብራት ያለበት ክፍል ሰጡት። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ዳያዜፓም እየሰጡ ትንፋሹን ይቈጥሩ ነበር፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉም በፊት ቪታሚን ቢ ዋን ወጉት፥ ያለዚያ አንጎል ይጎዳልና። ሌሊቱን ሙሉ አንድ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ፥ ስሙንና ያለበትንም ስፍራ በቀስታ እንዲነግረው አደረጉ። ያን ሌሊት የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ።

በአምስተኛው ቀን ጧት ለብቻው ተቀምጦ አጥሚት ጠጣ። ሲስተርም ሚስቱን ጠርተው የሚውጠውን ቪታሚን ሰጧትና፥ ምናልባት ተመልሶ ቢጠጣና እንደ ገና ልተው ቢል፥ ግዝቱን ከመግባቱ በፊት ወደ እኛ አምጪው ብለው ነገሯት።