ተማሪ-መር የትምህርት ዕቅድ

ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ መምህራንና ወላጆች ተመካክረው የሚያወጡት ሰነድ አለ። የሙያው ሰዎች «አይኢፒ» ይሉታል፤ በአማርኛ የግል የትምህርት ዕቅድ ነው። ተማሪው ዛሬ የደረሰበት ደረጃ፣ በዓመቱ መጨረሻ ይደርስበታል የተባለው ግብ፣ ለዚያም ማን ምን እንደሚያግዘው ይሰፍርበታል። አሠራሩን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። «ስቱደንት-ሌድ አይኢፒ» የሚባለው ግን ዘግየት ብሎ የመጣ ነው። «ገበያ-መር» የሚለውን የለመደ ጆሮ «ተማሪ-መር የትምህርት ዕቅድ» ቢባል አይጎረብጠውም። ተማሪው ዕቅዱ ሲወጣ ተገኝቶ የሚናገርበት፣ ሲችልም ስብሰባውን ራሱ የሚመራበት አሠራር ማለት ነው።

ሐዋሳ ውስጥ አጥርታ ማየት የሚቸግራት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለች እንበል። መምህሯ አስቦላት ከፊት አስቀመጣት፤ ዕቅዷም ላይ «ከፊት ትቀመጥ» ተብሎ ተጻፈ። ጠዋት ጠዋት በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሰሌዳው ላይ እንደሚያንጸባርቅባት፣ ለእሷ መሃል ረድፍ ላይ ጥግ ይዞ መቀመጥ እንደሚሻል ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ብትጠየቅ «ቲቸር፣ ጠዋት ሰሌዳው ያብለጨልጭብኛል፤ ሲጽፉ ድምፅ እያወጡ ቢያነቡልኝ በጆሮዬ እከተላለሁ» ትል ነበር። ይህ ድጋፍ ሳንቲም አያስወጣም፤ ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል።

ችግሩ ልጅቷ ስትናገር አለማደጓ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ ጣልቃ አይገባም ተብላ ነው ያደገችው፤ ርእሰ መምህሩ፣ አባቷና ሦስት መምህራን በተቀመጡበት ክፍል አስገብቶ «እስቲ ተናገሪ» ማለት ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከስብሰባው ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ከምትቀርባት አንዲት መምህርት ጋር ተቀምጣ «ስለ እኔ» የሚል አንድ ገጽ ታዘጋጃለች፦ የምወደው ትምህርት፣ የሚከብደኝ፣ የሚረዳኝ፣ የማልፈልገው። «የማልፈልገው» የሚለው መስመር በተለይ እንዳይዘለል፤ «ክፍል ውስጥ ስሜ እየተጠራ እንዲታዘንልኝ አልፈልግም» የሚለው እዚያ ላይ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ራሷን ካስተዋወቀችና አንድ ግብ ካነበበች ይበቃል። ለሐዋሳ ልጆች አንድ ነገር ይጨመር፤ ቤቷ የሚነገረው ሲዳምኛ ከሆነ በሲዳምኛ ትናገር፣ መስማት ለተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር። አፍ አውጥቶ የማይናገር ልጅም ሥዕል እያመለከተ ይመርጣል።

አንድ ነገር ያሰጋኛል። መምህሩ የጻፈውን ወረቀት ልጅቷ አንብባ፣ ሰው አጨብጭቦላት፣ ዕቅዱ እንደነበረ ከቀረ ስብሰባው ቲያትር ሆነ ማለት ነው። መለኪያው ከእሷ ንግግር የተነሳ ዕቅዱ ላይ የተለወጠ መስመር መኖሩ ነው።

ጉዳዩ የመምህር ቸርነት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 7 ላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚመለከታቸው ነገር ሁሉ ሐሳባቸውን እንዲገልጹ፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና ብስለታቸው ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የተማሩት ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ ራስ መናገር ለዚህ አካባቢ ባዕድ ነው የሚል ካለ እሳቸውን ይመልከት።

ዕቅዱ ሲጸድቅ ልጅቷም ትፈርማለች፤ ቅጂውም ደብተሯ ውስጥ ይቀመጣል። ሴሚስተሩ አልቆ ዕቅዱ ሲገመገም ከመምህሩ በፊት የምትጠየቀው እሷ ናት፦ የትኛው ድጋፍ ተሰጠሽ፣ የትኛው ወረቀት ላይ ቀረ?